ሎሚ የጎደለው ታቡሌ

«ለእሷ እኔ አዝዛለሁ» አለ መኳንንት፣ ሜኑውን ከወሰንየለሽ እጅ ቀስ አድርጎ ወስዶ። «የሊባኖስ ምግብ አታውቅም። ሶ፣ ቀለል ካለው እናስጀምራት።»

ወሰንየለሽ ባዶ የቀረ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ፍቃዱና ሚስቱ ህይወት ፈገግ አሉላት፤ «አይዞሽ፣ ትወጂዋለሽ» የሚል ዓይነት ፈገግታ። እሷም ፈገግ አለች። ከሚኖሩበት ከሌዊስቪል እስከ ሪቻርድሰን በነዱበት ግማሽ ሰዓት ከባሏ ጋር የተስማሙት እንዲህ ነበር። መስማማት ከተባለ።

«ቤይሩት የሚባል ነገር እንዳታነሺ» ብሏት ነበር መኳንንት፣ መኪናውን እየነዳ። «ዱባይ ሆቴል ሪሴፕሽን ነበረች ብያቸዋለሁ። ኦኬ?»

«ታዲያ ለምን የሊባኖስ ቤት ታመጣኛለህ?»

«እኔ አልመረጥኩትም። የዚህ ወር መራጭ ፍቃዱ ነው። ደግሞ ለአንቺው ብዬ ነው፤ ሰው ዝቅ አድርጎ እንዳያይሽ።»

አራቱ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንድ አዲስ ምግብ ቤት ምሳ ይበላሉ። ልማዱ ወሰንየለሽ ከመምጣቷ በፊት የተጀመረ ነው። ፍቃዱ ቤት ያሻሽጣል፤ ህይወት ነርስ ናት፤ መኳንንት እዚሁ ሪቻርድሰን ቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ ይሠራል። ወሰንየለሽ ደግሞ ሌዊስቪል ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዕቃ ታሽጋለች። ከሦስት ዓመት በፊት መኳንንት አዲስ አበባ መጥቶ ሲያጫት፣ ቤይሩት ሰው ቤት ስለሠራችባቸው ዘጠኝ ዓመታት አንድም ሳትደብቅ ነግራዋለች። ያን ቀን እጇን ይዞ «ጀግና ነሽ» ብሏት ነበር።

ምግቡ መጣ። ጠረጴዛው በትንንሽ ሳህኖች ተሞላ።

«ይሄ ኪቤ ይባላል» አለ መኳንንት በሹካው ጫፍ እየጠቆመ። «የእነሱ ክትፎ በሉት። ሥጋውን በማሽን ይፈጩትና ከስንዴ ጋር ይቀላቅሉታል። ያኛው ታቡሌ ነው፤ የስንዴ ሰላጣ ማለት ነው።»

ታቡሌ የስንዴ ሰላጣ አይደለም። ፓርስሌ የሚባለው አረንጓዴ ቅጠል ሰላጣ ነው፤ ስንዴው ጣል የሚደረግበት ብቻ ነው። ወሰንየለሽ ዘጠኝ ዓመት ፓርስሌ ከትፋለች። ቢላው አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ካረፈ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ከጠቆረ ደግሞ አሠሪዋ ማዳም ኮሌት ጎድጓዳውን ሳህን እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ኪቤውንም በድንጋይ ሙቀጫ የምትወቅጠው እሷ ነበረች፤ እሑድ በማለዳ፣ የታች ጎረቤቶች እንዳይረበሹ ከሙቀጫው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፋ።

መኳንንት ቀዩን ወይን ብርጭቆው ውስጥ እያዞረ አሸተተ። «ከሊባኖሱ ቤካ ሸለቆ ነው። ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው ያዘዝኩት። ቼሪ ቼሪ አይላችሁም?»

«እኔን ወይን ወይን ነው የሚለኝ» አለ ፍቃዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

ወሰንየለሽ ጠጣች። ጥሩ ወይን ነበር። ኪቤው ጥሩ ነበር፤ ከሽምብራ የተሠራው ሁሙስም፣ የተጠበሰው ዳቦም። ታቡሌው ብቻ ሎሚ ጎድሎታል። ይህን ምግብ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ከሰው እኩል ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። ያናደዳት ይሄም ጭምር ነበር። እንዲህ ደስ እያላት፣ ደስ ማለቷን እንኳን መደበቅ ነበረባት። «ይሄ ምንድነው?» እያለች የምታውቀውን ሁሉ ጠየቀች፤ መኳንንትም እያሳሳተ አስረዳት።

«እኔ ግን ሊባኖስ ሲባል እነዚያ ሰው ቤት የሚሠሩት ልጆቻችን ትዝ ይሉኛል» አለች ህይወት። «የእኛ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር አሁን አንዷን ወደ አገሯ ለመመለስ እየሞከረ ነው። ከሠራችበት ቤት ጠፍታ መጠለያ ገብታለች። ፓስፖርቷን ማዳሟ አልሰጥም ብላለች።»

«ማን ሂዱ አላቸው?» አለ ፍቃዱ አፉ ውስጥ ያለውን እንኳን ሳይጨርስ። «ማለቴ፣ ያሳዝናል። ግን ምን ሊሆኑ ሄዱ? የሰው ሽንት ቤት ሊያጥቡ? እዚያው ጉሊት ቢቸረችሩ አይሻልም ነበር? አሁን አረብ አገር ሐበሻ ሲባል ገረድ ማለት ሆኗል። የሁላችንንም ስም ነው ያጠፉት።»

«ተው እንጂ ፍቃዱ!»

ወሰንየለሽ ባሏን አየችው። እንዲሟገትላት አልጠበቀችም። ወሬውን ቢቀይር ይበቃት ነበር፤ ስለ ወይኑ ቢያወራ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ።

መኳንንት አፉን በናፕኪን ጠረገ። «ያው ያልተማሩ ናቸው» አለ። «ምን ታደርጋቸዋለህ።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አንዷ እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?» አለች ህይወት።

«ዱባይ ረግጬ አላውቅም። ቤይሩት፣ አሽረፊየ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ዘጠኝ ዓመት ገረድ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልም ጨርሻለሁ፤ መማሬን መስማት ለምትፈልጉ።»

መኳንንት ከት ብሎ ሳቀ። «ስትቀልድ ነው! ወሰን እኮ ቀልድ ትችላለች።»

«ቀልድ? ያኔ ስነግርህ ቀልዴን ነበር? ጀግና ነሽ ያልከኝ ቀልዴ አስቆህ ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን!» አለች፤ ጎን ካለው ጠረጴዛ ያሉት ባልና ሚስት ሹካቸውን አቆሙ። ወሰንየለሽ ወደ ፍቃዱ ዞረች። «አዎ ፍቃዱ፣ ሽንት ቤት አጥቤያለሁ። አባቴ መሞቱን የነገሩኝ ቀን ለምሳ አሥራ አራት እንግዳ ተጠርቶ ነበር። ፓርስሌ እየከተፍኩ ነው የተደወለልኝ። ማዳሟ ‹መጀመሪያ ጨርሺ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ› አለችኝ። ጨረስኩ። ራሴ ተሸክሜ አቀረብኩላቸው። በሉ። ይጣፍጣል አሉ። በዚያ ሥራ ሁለት ወንድሞቼ ዩኒቨርሲቲ ጨረሱ። እስቲ ንገረኝ፣ የማንን ስም ነው ያጠፋሁት?»

ፍቃዱ ሹካውን አስቀመጠ። ህይወት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ጩኸቱን የሰማችው የምግብ ቤቱ ባለቤት መጣች። ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ሴት ናት። «ሁሉም ነገር ደህና ነው?» አለች በእንግሊዝኛ።

ወሰንየለሽ በአረብኛ መለሰችላት። «ታቡሌው ሎሚ ጎድሎታል። ስንዴውም በዝቷል። ኪቤው ግን እንደ አገሩ ነው።»

የሴትዮዋ ፊት በራ። «አነጋገርሽ የአሽረፊየ ሰው ነው! የት ተማርሽው?»

«እዚያው። ሰው ቤት ስሠራ።»

የሴትዮዋ ፈገግታ ለአፍታ ጠፋ፤ ከዚያ በእጥፍ ሆኖ ተመለሰ። የወሰንየለሽን ጉንጭ ዳሰሰች። «እኛም ቤት አንዲት የአገርሽ ልጅ ነበረች። ልክ እንደ ልጃችን! ዚና እንላት ነበር፤ እውነተኛ ስሟን እንኳን እንጃ። ስሚኝ ሀቢብቲ፣ የእኔ ውድ፣ ኩሽና ውስጥ ሙያ ያላት ሴት እፈልጋለሁ። ሰኞ ጠዋት ብትመጪ እንነጋገራለን።»

ወሰንየለሽ የሴትዮዋን እጅ ከጉንጯ ላይ አወረደች። «ስሟን የማታውቂያት ልጅ አለችሽ?» አለቻት። «እኔ ዛሬ ልበላ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ቀላች። «ሎሚ አመጣልሻለሁ» ብላ ራሷ ወደ ኩሽና ሄደች።

«ምንድነው ያልሻት?» አለ መኳንንት። ተነሥቶ ቆመ። «ተነሺ፣ እንሂድ።»

«እየበላሁ ነው።»

«አዋረድሽኝ እኮ! ሃያ ዓመት አብሬያቸው የኖርኩ ሰዎች ፊት!»

«አንተስ እዚህ አገር ስትመጣ ሆቴል ውስጥ ሳህን ታጥብ አልነበረም? እየሳቅክ ነው ለሰው ሁሉ የምታወራው።»

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

መኳንንት ፍቃዱን አየ፤ ፍቃዱ ሳህኑን እያየ ነበር። መኳንንት የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጎ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሣ በመስታወቱ በኩል ታያቸው።

«ወሰንየለሽ፣ ይቅርታ» አለ ፍቃዱ ቀስ ብሎ። «አላወቅኩም።»

«ብታውቅ እኔ ፊት አትለውም ነበር። እኔ በሌለሁበት ግን ትለው ነበር።»

ፍቃዱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሎሚው ተቆርጦ በትንሽ ሳህን መጣ። ወሰንየለሽ ታቡሌው ላይ ጨመቀችበት። ቀመሰችው። አሁን ልክ ነበር። ለህይወትም ጨለፈችላት፤ ህይወት በላች። የወሰንየለሽ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በራ፤ መኳንንት ነበር። ሳታነሣው ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

«ወሰንዬ፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ትቆጪኛለሽ?» አለች ህይወት። «ማኅበራችን ውስጥ አረብኛ የሚችል ሰው የለንም። ያችን ፓስፖርት የከለከለችውን ማዳም በእንግሊዝኛ ስናናግራት ትዘጋብናለች። ምናልባት አንቺ…»

ወሰንየለሽ ቁጣዋ እንደገና ሲነሣ ተሰማት። ይኸው፣ አንዲት ሴት ትሠራልኝ ብላ ፈለገቻት፤ አሁን ደግሞ ሌላዋ። ገና ከተናገረች ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ሁሉም ሥራ ይዞ መጣላት።

«ልጅቷ ስሟ ማን ነው?» አለች ቆጣ ብላ።

«ሐዊ» አለች ህይወት ወዲያው። «የአርሲ ልጅ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ በየቀኑ ነው የምትደውልልኝ።»

ወሰንየለሽ የስልኳን ሰዓት አየች። «ቤይሩት አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው» አለች። «ማዳሞች አልተኙም። ቁጥሩን አምጪ።»

«አሁን? እዚሁ?»

«አሁን። እንዲህ እንደተናደድኩ።»

ህይወት ቁጥሩን አነበበችላት። ስልኩ ሩቅ አገር መጥራት ሲጀምር፣ ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ወሰንየለሽ ወደ መስታወቱ አልዞረችም፤ አንዱን ጆሮዋን በጣቷ ደፈነችና ጠበቀች።

«አሎ?» አለች የሆነች ሴት፣ እንቅልፍ ባልነካው፣ ማዘዝ በለመደ ድምፅ። «ማን ልበል?»

«ወሰንየለሽ እባላለሁ» አለች በአረብኛ፣ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ። «ስለ ሐዊ ፓስፖርት ነው የደወልኩት።»