ከስክሪኑ በታች የቀረው ቁልፍ

እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነኝ። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መታወቂያዬም ላይ ተጽፏል።

የላቦራቶሪያችን ውጤት መላኪያ ፕሮግራም አርጅቶ አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ አልሠራም አለ። ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒዩተር እንዳለ አዲሱ ውስጥ ከተትኩት፤ ቨርችዋል ማሽን ይሉታል። ምስኪኑ የት እንዳለ አያውቅም። የውሸት የስክሪን ካርድ ይሰጠዋል፣ እሱም አምኖ ይስልበታል፣ እኛ ደግሞ የሳለውን በመስኮት እናያለን። ስክሪኑ እንዲሰፋ ከተፈለገ ውስጡ ረዳት ሶፍትዌር መጫን አለበት። ሥራ አስኪያጁ ግን «ያልተፈቀደ ነገር እንዳይገባ!» አሉ። እኔም ዴስክቶፑ እስከታየ ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ ፈርሜ አስረከብኩ። ፕሮግራሙን ከፍቶ ማየት? ኧረ ምን በወጣኝ!

በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ ጮኹ፤ አንድም የደም ውጤት አልደረሳቸውም። ውጤት የሚልኩት፣ መላው ቢሮ እትዬ የሚላቸው ሴትዮ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወረቀት ጠፍቶባቸው አያውቅም፤ ለጡረታ የቀራቸው አራት ወር ነው። ሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤያቸውን አስጻፉና ሁለታችንንም ጠሩን።

«ማሽኑ እንከን አለበት?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ታዲያ እትዬ፣ ‹ላክ› የሚለውን ለምን አይጫኑም?»

«አላየሁትም ጌታዬ» አሉ እትዬ፣ መነጽራቸውን እየጠራረጉ። «ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።»

ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩባቸው! «ይምጡ፣ እኔ አሳይዎታለሁ» ብዬ ወደ ጠረጴዛቸው ወሰድኳቸው። ሥራ አስኪያጁም ደብዳቤውን ይዘው ተከተሉን።

ፕሮግራሙን ከፈትኩት። የውሸቱ ካርድ የሚያሳየው ስምንት መቶ በስድስት መቶ ነጥብ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ደግሞ ከዚያ ለሚሰፋ ስክሪን ነው። የታችኛው ረድፍ የለም። ‹ላክ› የሚለው ቁልፍ ከጠርዙ በታች ቀርቷል። ማውሱን ወደ ታች ጎተትኩት፤ ጠርዙ ላይ ተገትሮ አልወርድም አለኝ።

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? እዚህ መሥሪያ ቤት ይህ ነገር የሚገባው ባለሙያው ብቻ ነው። እትዬ ግን ጎኔ ቆመው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል፣ እኔ እንዳሳያቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ቁልፉ ስክሪኑ ላይ የለም። ሳልፈትሽ ነው ያስረከብኩት።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አልቀደዱትም፤ ቆጣቢ ሰው ናቸው። ስሙ ብቻ እንዲቀየር ለጸሐፊያቸው መለሱት። ረዳት ሶፍትዌሩንም እዚያው ቆመው ፈቀዱ፤ ለካ ፈቃድ የሚባለው ጭንቅላት መነቅነቅ ኖሯል።

ጫንኩት፤ ስክሪኑ ሰፋ፣ ቁልፉ ብቅ አለ። እትዬ ተጫኑት፤ ተጠራቅሞ የቆየው የሦስት ቀን ውጤት ሄደ። አሁን ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በሰደቡኝ!

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ ዓይኔ ጠፋ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሳለቅስ ነበር።»