መብራት አልሄደም

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ «ስካን አርባ ሦስት» አለኝ። ወደ ታች ወረድሁ፤ «ስካን አርባ አራት።» ወደ ጎን ሄድሁ፤ እሱም ስካን። የስንት ወር ሥራዬ በአንድ ሌሊት ስም የለሽ ሆኖ አደረ። ደሜ ፈላ።

ሠርክአዲስ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዓይኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አያይም። ኮምፒውተር የምሠራው ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነብልኛል፣ እኔ በኪቦርዱ አዘዋለሁ። ማውዝ አልነካም። ወደዚህ ቦታ የገባሁት እንደ ማንም ተወዳድሬ፣ ተፈትኜ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ በምጽዋት የተቀመጥሁ ስለሚመስለው ነው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ከቡሬ፣ ከደንበጫ፣ ከየገጠሩ ያሉ ማኅበራት የስብሰባ ቃለ ጉባኤያቸውን ያመጣሉ፤ ወረቀቱ ስካን ይደረግና ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የሰነድ ቤታችን ይገባል። ማሽኑ ለሁሉም «ስካን» ብሎ ቁጥር ይሰጣቸዋል እንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም። የእኛ አገር ገበሬ ደግሞ ስብሰባ የሚቀመጠው በሬ በማይጠመድበት ቀን ነው፤ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም። ስለዚህ ማንም መጥቶ የወሩን ቀን አይጠራልህም። «የሰኔ ሚካኤል ለታ የተባባልነውን» ይልሃል። የሰነድ ቤቱ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው።

እኔ መላ አበጀሁለት። የማኅበራቱ ጸሐፊዎች ወረቀታቸውን ሲያመጡ ጮክ ብለው ያነቡልኛል፤ አንዱማ ዳዊት የሚደግም ይመስላል። እነሱ ሲያነቡ እኔ እጽፋለሁ። ሦስት አምድ ጨመርሁ፤ ማኅበር፣ በዓል፣ ጉዳይ። ከዚያ ሜኑውን እየከፈትሁ፣ በታብና በቀስት እየሄድሁ፣ ሰነዱ ሁሉ በየበዓሉ እንዲቧደን፣ ማኅበሩ ከፊት፣ ጉዳዩ ከኋላ እንዲነበብ አንድ እይታ፣ ዝርዝሩ የሚከፈትበት መልክ ማለት ነው፣ ሠራሁ። የሰነድ ቤቱን የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያገኝ አድርጌ አስቀመጥሁት። የሚያይም የማያይም የሚፈልገውን ቶሎ ያገኝ ነበር።

ይህን የነካው ማን እንደሆነ ለመጠርጠር አልተቸገርሁም። ወንዳወቅ የፕላን ክፍሉ ልጅ ነው፤ ከአጠገቤ ይቀመጣል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይወድም።

«ወንዳወቅ፣ የሰነድ ቤቱን እይታ የቀየርኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፤ ሁሉም አማረ አለኝ። ነገ ከባሕር ዳር እንግዶች ይመጣሉ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታያል። ያ ያንች ዝርዝር ደረቅ ነው። ሚካኤል፣ ማርያም እያልሽ ደግሞ የጽዋ ማኅበር አስመሰልሽው። አምዶቹን ከእይታው አነሳሁና በትልልቅ ሥዕል አደረግሁት። ፕሮፌሽናል ሆነ።»

«እኔስ?»

ነገሩ ገና ያን ጊዜ ትዝ ያለው መሰለኝ። «አንችማ... ላንች ምን ለውጥ አለው? አታዪውም። ከፈለግሽ ለራስሽ ብቻ የሚታይ ሌላ ሥሪ።»

ይህን ሲል በድምፁ ውስጥ ክፋት የሚባል አልነበረም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው መልስ ይሰጡታል። የሁሉም የሆነው የሱ፣ ጓዳ የሚደበቀው የኔ እንዲሆን ሲፈርድ፣ ሻይ ልጋብዝሽ የሚል ነበር የሚመስለው። ተነስቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ደጀኔ ሄድሁ።

አቶ ደጀኔ ወንበር ስቦ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። መቀመጥ እንደማልችል ሁሉ። የእይታውን ነገር ነገርሁት።

«ሠርክአዲስ፣ ልጄ፣ እኛ ለቀለም አንጣላም» አለኝ። «እንዲያውም ላንች ያሰብነው አለ። መግቢያው ላይ ስልክ የምታነሳው ልጅ ለቃለች። ነገ ከእንግዶቹ በኋላ ቦርዱ ይቀመጣል፤ ወደ ስልኩ ብናዛውርሽ ብዬ አቅርቤያለሁ። ድምፅሽ ያምራል፣ ኪቦርድ ስትጎረጉሪ አትውይም። የሰነዱን ነገር ወንዳወቅ ደርቦ ይይዘዋል።»

«ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«ምንም! ይልቅ ነገ ለእንግዶቹ አንዲት ሰነድ ከፍተሽ እንድታሳዪልን ነው። ዓይነ ስውር ሠራተኛ እንዳለን ይወቁልን። አንች እኮ ወንድ ብትሆኚ ኖሮ የቅኔ መምህር ይወጣሽ ነበር።»

ሊያመሰግነኝ ነው እንግዲህ። ነገ እንግዳ ፊት እታያለሁ፣ ከነገ ወዲያ በር ላይ እቀመጣለሁ። ለገበያ እንደታጠበ በግ ሆንሁ። ስልክ ማንሳት ነውር አይደለም፤ ሳያስነውረው የሚሠራ ሞልቷል። እኔ ግን ጠንቅቄ ከምሠራው ሥራ የምነሳው ስላቃተኝ ሳይሆን ሰዎች ሲያዩኝ ስለሚደክማቸው ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ተመልሼ እይታውን ላስተካክል ስቀመጥ ኢንተርኔቱ ጠፋ። አገሩን ታውቁታላችሁ። ሲጠፋ ጠፋ ነው፤ እስከ ማታ መውጫችን አልመጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ኢንተርኔቱ ከእንግዶቹ ጋር አብሮ መጣ፣ አዳራሹም ሞላ። ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መጋረጃው ተዘግቷል፣ አምፖሉ ጠፍቷል አሉ። የቦርዱ ሰብሳቢ አያ ገብረሰንበት ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከቡሬ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው፣ ሳላቸውን አውቀዋለሁ። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ያይኔአበባ ቀኝ ጎኔ፣ ወንዳወቅ ማውዙን ይዞ ግራ ጎኔ ሆኑ። እንግዶቹ ከኋላ ናቸው።

«ይቺ ሠርክአዲስ ናት» አለ አቶ ደጀኔ። «ዓይኗ አያይም፤ ግን ኮምፒውተር ትነካለች።»

ከኋላ ከንፈር ተመጠጠ። ያ ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሲከተለኝ ኖሯል። ገና አንዲት ቁልፍ ሳልነካ አዘኑልኝ።

አያ ገብረሰንበት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እስቲ ልጄ፣ የኅዳር ሚካኤል ለታ የኛ ማኅበር በርበሬው ከበቆሎው መጋዘን ይለይ ብሎ የወሰነውን አምጭልኝ። እህሉን ለመስፈር የገባ ሁሉ ሲያነጥስ ይውላል፤ ዛሬ ለእንግዶቹ ላሳያቸው።»

የሰነድ ቤቱን ከፈትሁ። «ስካን አንድ። ስካን ሁለት።» የወንዳወቅ ሥዕሎች። በዚህ እንደማይገኝ ስላወቅሁ እይታውን ልመልስ ወደ ሜኑው በታብ ሄድሁ። ሜኑው ሲከፈት አንድ ለስላሳ እጅ መጥቶ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳው።

«ተይው የኔ እናት፣ አትድከሚ፤ እኔ ልይልሽ» አለች ወይዘሮ ያይኔአበባ።

«አልደከምሁም። እጅዎን ያንሱልኝ።»

እንደገና ጀመርሁ። ሜኑውን ከፍቼ ወደ ታች ስወርድ ወንዳወቅ «ላግዛት» ብሎ ማውዙን ጠቅ አደረገ። ሜኑው ተዘጋ፣ የያዝሁት ቦታ ጠፋብኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ስካን ስልሳ ምናምን ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ ከላይ ጀመርሁ፤ እሱም ደግሞ ጠቅ አደረገ። ከኋላ ከንፈር መመጠጡ ቀጠለ። አንዷ «አይ ልጅት፣ ምን ታርግ» ስትል ሰማኋት።

«በቃ፣ ይበቃል» አለ አቶ ደጀኔ። «ጥረቷን አይታችኋል። እናጨብጭብላት።»

አጨበጨቡ። ምንም ላልሠራሁት፣ እንዳልሠራ እጄን ይዘው ለከለከሉኝ ነገር አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

ስክሪን ሪደሩ አንድ ነገር አለው፤ የስክሪን መጋረጃ ይባላል። እኛ ስንሠራ የሚያይ ሰው በትከሻችን ላይ ተንጠራርቶ ጉዳያችንን እንዳያነብ ስክሪኑን ድፍን ጥቁር ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ድምፁም ይሰማል፤ የማይታየው ለሚያዩት ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር። ያን ለታ ሦስቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኋቸው።

«ኤጭ፣ ሄደ!» አለ አንዱ።

«መብራት ሄደ» አለች ወይዘሮ ያይኔአበባ።

«ደስታውን ጥሩት፤ ጀነሬተሩን ያስነሳ» ብሎ አቶ ደጀኔ ወደ በሩ ተጣራ። ዘበኛው ደስታው ሲሮጥ ጫማው ተሰማኝ። ብዙም ሳይቆይ ጀነሬተሩ ጓሮ ተነስቶ ግድግዳውን አነቃነቀው። አዳራሹ ግን ያው ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ነካው?» አሉ። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ራሴ ላይ ሽው እያለ ይዞራል፤ ልብ ያለው አልነበረም።

«መብራት አልሄደም» አልሁ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?» አለ አቶ ደጀኔ።

«ስክሪኑ ላይ መጋረጃ ጣልሁበት። ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ወንዳወቅ፣ ማውዙ እጅህ ላይ ነው፤ ለአያ ገብረሰንበት የኅዳር ሚካኤልን ፈልግላቸው።»

ጠቅ አደረገ። ደግሞ ጠቅ አደረገ። «እንዴት አርጌ? ምንም አይታይም እኮ።»

«ላንተ ምን ለውጥ አለው?»

ማውዙን ሲያስቀምጠው ሰማሁ።

«ሠርክአዲስ! እንግዳ ፊት!» አለ አቶ ደጀኔ፤ ድምፁ ተቆጥቷል፣ ፈርቷልም።

«እንግዳ ፊት ያወጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» አልሁት። «አሁን የምታዩት ነገር የለም፤ ስለዚህ ስሙኝ። ሥራዬን የሚያበላሸው ዓይኔ አይደለም፤ የናንተ እጅ ነው። አንዱ ሲያሳምረው ያጠፋብኛል፣ አንዷ ስታዝንልኝ ታስጥለኛለች፣ ከዚያ ሁላችሁም ደከማት ትላላችሁ። አልደከመኝም። የተናደድሁ ነኝ። ስልክ ላይ ልታስቀምጡኝ ከሆነ ሥራዋን አልቻለችም ብላችሁ አስቀምጡኝ፤ አዘንንላት ብላችሁ ግን አታስቀምጡኝ።»

አሁን ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግድ አልነበረኝም።

«ልጄ» አሉ አያ ገብረሰንበት በመጨረሻ። «የጠየቅሁሽን ለማምጣት ምን ያስፈልግሻል?»

«እጃችሁን ሰብስባችሁ እንድትጠብቁኝ ብቻ ነው።»

«እንጠብቃለን።»

ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ነቀልሁት። ፕሮግራሙ እኔ በለመድሁት ፍጥነት ለሁሉም ይነዛው ጀመር፤ ለነሱ ተልባ ሲንጣጣ የሚሰማ ይመስላል፣ ለእኔ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ያለ ነው። ሜኑውን ከፈትሁ። ከሥዕል ወደ ዝርዝር መለስሁት። የአምዶቹን ዝርዝር ከፍቼ ማኅበር፣ በዓል፣ ጉዳይ ላይ ምልክት አደረግሁ፤ በዓልን ወደ ላይ አወጣሁት፤ በሱ ይቧደን አልሁት። ጊዜ ወሰደ። አላጣደፍሁትም። እነሱ ሲያዩ የሚቸኩሉት እኔ ስለዘገየሁ አይደለም፤ የሰው ሥራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስላልለመዱ ነው። አንድ ጊዜ የወይዘሮ ያይኔአበባ አምባር ወደ እኔ ሲንቀጫቀጭ መጣ። ጣቴን አቆምሁ። አምባሩ ትንሽ ቆየና ወደ ራሷ ተመለሰ።

ለሁሉም እንዲሆን አድርጌ፣ በነበረበት ስም አስቀመጥሁት። ከዚያ በቀስት ወረድሁ፤ ጥቅምት መድኃኔዓለም፣ ኅዳር ሚካኤል። የአያ ገብረሰንበት ማኅበር ሲጠራ እሳቸው «እኸ» አሉ። ጉዳይ፤ በርበሬውን ከበቆሎው መጋዘን ስለ መለየት።

ልከፍተው ኢንተር ላይ ጣቴን ሳሳርፍ መግቢያው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የሚያነሳው አልነበረም። ጮኸ፣ ጮኸ። አቶ ደጀኔ ወደ እኔ ሲዞር ወንበሩ ተንቋቋ።

«ሠርክአዲስ፣ እስቲ ስልኩን...»

«ስልኩን ሌላ ሰው ያንሳው» አሉ አያ ገብረሰንበት። «እሷ ሥራ ላይ ናት።»