እናቴ ያልዋሸችው ውሸት

የአባቴ መነጽር ቤት አሁን የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበትን አግዳሚ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ ደግሞ ከእናቴ ታላቅ ወንድም በቀር ሌላ ሰው አይታየኝም። ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም «እንደሁኔታው» ነበር። ምን ቢጠይቋቸው መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ይኸው ነዋ!

አጎቴ በጉልምስናቸው በአንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። የሚያስተምሩት ሕጉን ሳይሆን፣ ሕጉ ሰው ላይ ሲደርስ የሚገጥመውን ጣጣ ነው።

«ድሮ» ይሉ ነበር፣ አባቴ ሌንስ ሲሞርድ ከሞተሩ በላይ እየጮኹ፣ «የኃጢአት ኑዛዜ የሚሰሙ ሰዎች ተቸገሩ። ሕጉ አትስረቅ ይላል። ለራበው ልጇ ዳቦ ያነሳችውን እናት ግን ምን ይበሏት? ከሌባው ጋር ይደምሯት? ስለዚህ የሰውን ጉዳይ አንድ በአንድ እየመረመሩ፣ አዲሱን አስቀድሞ ከተፈረደበት ጋር እያስተያዩ መጻፍ ጀመሩ። ስሙ ይለያይ እንጂ በየሃይማኖቱ ያለ ሙያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተተወ?» እላለሁ፣ መልሱን በቃሌ እያወቅኩት።

«በገዛ እጃቸው! ብልጠት በዛ። ለትልልቅ ሰዎች ኃጢአት ማምለጫ በር ይፈልጉ ጀመር። ብዕራቸው የሰላ ሰዎች መጡና መሳቂያ አደረጓቸው። የሙያው ስም ስድብ ሆኖ ቀረ። የኛም ትምህርት ቤት ትምህርቱን ሲዘጋ እኔን አብሮ ዘጋኝ።» ከዚያ እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

መነጽር ሊለካ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ሳይጠይቃቸው አይወጣም። አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ቀሚስ ላላማረባት ሙሽራ «አምሮብሻል» ማለት ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«እንደሁኔታው። ቀሚሱን ለማስተካከል ጊዜ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ንገሪያት። ሰርጉ ዛሬ ቢሆን ግን ‹ደስታሽ ያምራል› ብለሽ ዝም ነው።»

አባቴ ከሥራው ቀና ብሎ «እኔስ ለሁሉ አንድ መነጽር እሰጣለሁ?» ይላል። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ነኝ፤ ለእኔ ውሸት ውሸት ነው፣ አለቀ። አፍ እንዳመጣልኝ እከራከራቸው ነበር። ዛሬ ያን ክርክር ምን ያህል እንደምናፍቀው እኔ ነኝ የማውቀው።

በዚያው ዓመት አባቴ ልቡን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ቤት ገብቶ ሲያገግም፣ በሌላ ከተማ የምትኖረው፣ እንደ እናት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሞተች። ሐኪሙ «አሁን ከደነገጠ ሊያልፍ ይችላል፤ እስኪጠነክር አትንገሩት» አለ። ጭንቁ ያለው እናቴ ላይ ነበር። እናቴ ውሸት አይሆንላትም፤ ልትዋሽ ስትሞክር እጇ ሳታስበው አንገቷን ያካል። አባቴ ደግሞ ስለ እህቱ የሚጠይቀው እሷን ነው።

«ጋሼ፣ ምን ልበለው?» አለች ወጥ ቤት ቆማ።

እኔ ጥልቅ ብዬ «እውነቱን ነዋ! ማወቅ መብቱ ነው» አልኩ።

«እውነቱስ የሱ ነው» አሉ አጎቴ። «እኛ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። አደራ ይመለሳል፤ ጥያቄው መቼ ነው። በሐሰት መለወጥ ግን አንችልም።» ወደ እናቴ ዞረው «አርፋለች በይው» አሏት። «ሐሰት የለበትም። ቃሉን የሚሰማው እንደ አቅሙ ነው።»

እናቴ ቃሉን እያጠናች ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«እህቴ እንዴት ናት?»

«አርፋለች።» እጇ ከጎኗ አልተነሳም።

«እንኳን አረፈች» አለ አባቴ። «ብዙ ደክማለች።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ስለ እህቱ አልጠየቀም። እኛም ተመስገን አልን።

ጠንክሮ ወደ ሥራ ሲመለስ፣ አጎቴና እኔ አግዳሚው ወንበር ላይ መሀላችን አስቀመጥነው። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ያንተ የሆነ አደራ እኛ ዘንድ አለ» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዘ።

«አውቄያለሁ ጋሼ። ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሚስቴ ‹ተኝታለች› ትላለች፣ ‹ደህና ናት› ትላለች፤ ‹አርፋለች› መቼ ብላ ታውቃለች? የእርስዎን ቃል በሷ አፍ ሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ብዬ አፈጠጥኩበት።

«ደግሜ ብጠይቃት ልትዋሽልኝ ነው። እንዴት አድርጌ ላስዋሻት?» መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ማወቄን እንዳትነግሯት። ዛሬ ነገራችሁኝ፤ ይኸው ነው።»

አጎቴ «እንደሁኔታው» አላሉም። ግንባሩን ሳሙት። አባቴ ቤት ሲገባ እናቴ ፊት ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ለእህቱ አላለቀሰም ነበር።

አባቴም አጎቴም አሁን የሉም። እናቴ አርጅታለች፤ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አንድ ውሸት ሳልናገር ባሌን አተረፍኩት» እያለች ታወራለች። ትናንት ከኋላዋ ተቀምጬ ፀጉሯን ሳበጥርላት ድንገት እጄን ያዘች።

«አባትሽ ያን ቀን ጠርጥሮ ይሆን እንዴ? ኀዘኑን ለብቻው ይዞት ከነበረማ…»

አግዳሚው ወንበር ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ ፊቱን አዙሮ ተኝቶ የለም እንዴ? በዓይንሽ ያየሽው!»

«እውነትሽን ነው» አለች እጄን ለቃ፣ ረጋ ብላ። «ተኝቷል።»

በአንድ እጄ ማበጠር ቀጠልኩ። እንኳን ዞራ አላየችኝ፤ ሌላው እጄ አንገቴን እያከከ ነበር።