ጋሽ ባየው ቤት የዋለበት ሁለት ዓመት

«ያቺ ናት» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ። «ባየው እግሩን የተሰበረላት ልጅ።»

ራኒያ ሰማቻት። ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ትናንትም እዚሁ ተቀምጣ ውላ፣ የሟችን ባለቤት ወይዘሮ ንጋቷን ሳታናግር ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሳ ነበር። ዛሬ ሠልስት ነው። «ሳላናግራቸው አልመለስም» ብላ ለራሷ ምላ ብትመጣም፣ ከወንበሩ ጫፍ አልተነሣችም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር መኪና ተከራይተው፣ የሰሜን ሸዋን ገደል ሁሉ በአራት ቀን ሊጨርሱ ወጡ። መጀመሪያ አረርቲ አካባቢ ሸለቆ ወረዱ። በማግስቱ መዘዞ ላይ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሲጓዙ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አንኮበር ደርሰው በገመድ ቋጥኝ ወጡ። ጓደኞቿ እግራቸው አብጦ ሲቀመጡ፣ ራኒያ ግን አልበቃትም። መንገድ የሚመራቸው ጋሽ ባየው፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ቀጭን ሰው፣ አተኩሮ አያት።

«ልጄ፣ እግርሽ ይንቀጠቀጣል። ለዛሬ ይብቃሽ።»

«ነገ መመለሳችን ነው ጋሼ። ያችን ጫፍ ብቻ።»

ጋሽ ባየው ሳቀ። ከዚያ ገመዱን አንስቶ ቀደማት።

ጫፉ ላይ ደረሱ። ሲመለሱ ግን ከቆላው ጭጋግ ወጥቶ መንገዱን ሸፈነው። ራኒያ እርጥብ ድንጋይ ረገጠች፤ የዛለ ጉልበቷ አልያዛትም፤ በጀርባዋ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ጋሽ ባየው ዘሎ የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘ። አብረው ተንከባለሉ፤ በመጨረሻ እግሩን በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ሰንቅሮ አስቆማት። አጥንቱ ሲሰበር ሰምታዋለች። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሎ «ምንሽን ተጎዳሽ?» አላት።

ሆስፒታል ሳለ ትመላለስ ነበር። ቤቱ ከገባ በኋላ ሲያነክስ ማየት ፈራችና ቀረች። በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲላት «በቅርቡ» ትለው ነበር። ከትናንት ወዲያ በድንገት ልቡ ቆመ።

«እስቲ ልጅቷን ጥሩልኝ» የሚል ድምፅ ከድንኳኑ ውስጥ ተሰማ። ንጋቷ ነበረች።

ሹክሹክታው ቆመ። ራኒያ በለቀስተኛው መሃል አቀርቅራ ሄደች። «እትዬ፣ እኔ…»

«ቁጭ በይ» አለቻት ንጋቷ፣ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ረግሜሽ ነበር። ሠላሳ ዓመት ደጅ ደጁን እያየሁ ስጠብቀው ኖሬ፣ ጭራሽ ሰብረው ሲያመጡልኝ ጊዜ። ይኸ ሰው እኮ እንዳንቺው ነበር። አንዱን ጋራ ወጥቶ ሳያበቃ ሌላው ይጠራዋል። የበኩር ልጄን ስወልድ እንኳ አልነበረም።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

«ስሚኝ። ከተሰበረ ወዲህ ቤት ዋለ። መጀመሪያ እንደ ታሰረ ሰው አደረገው። በኋላ ጓሮ ድንች ተከልን። ከሰዓት ከሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ስናወራ፣ ለካ ባሌን አላውቀውም ኖሯል። ቀልደኛ ነው እኮ። ‹ልጅቷ አልበቃኝም ስትለኝ ራሴን አይቼ ሳቅሁ፤ እሷ ባታስቆመኝ ቤቴን ሳላየው እሞት ነበር› ይለኝ ነበር።» ንጋቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሁለት ዓመት ባል አገኘሁ። ትናንት ስትሄጂ አይቼሽ፣ ሳላመሰግናት ልትቀር ነው ብዬ አዘንኩ።»

ራኒያ ያመቀችው ልቅሶ ወጣላትና ንጋቷ ትከሻ ላይ ድፍት አለች። ስትረጋጋ «አላህ ያጽናዎት» አለች በለሆሳስ። «እኔንም ያኖረኝ ጋሼ ነው።»

በዚህ መሃል ከአልዩ አምባ የመጡ ሙስሊም ለቀስተኞች ገቡ። ፊት ያሉት ሽማግሌ የንጋቷን እጅ ጨብጠው ካጽናኑ በኋላ ከጎኗ ወዳለችው ዞሩ።

«አላህ ያጽናሽ ልጄ። አባትሽ ደግ ሰው ነበር።»

ራኒያ ወደ ንጋቷ አየች። ንጋቷ አላረመችም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ራኒያም ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጇ ተቀበለች።