ልብስ ሰፊው ሲጋራ የተወ ሰሞን

ልብስ ሰፊው ሲጋራ የተወው ሴት ልጁ አስገድዳው ነው። አራስ ቤት ሆና፣ «አባዬ፣ ጢስ ጢስ እየሸተትክ ልጄን አታቅፍም» አለችው። እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ስለሆነ፣ አንጀቱ እያረረም ቢሆን ፓኮውን ረጋግጦ ጣለ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ሰላም አጣ። ክር በተበጠሰ ቁጥር ይናደዳል፤ በተናደደ ቁጥር ሲጋራው ውል ይለዋል፤ ውል ሲለው ደግሞ ይብስ ይናደዳል። አጠገቡ ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ፣ ዕድሜ ልኳን «ተው» ስትል የኖረችው ሴትዮ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አጭስና አሳርፈን!» እስከማለት ደረሰች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ሱሪ ሲተኩስ፣ አንድ ሰው ሞተር ሳይክሉን በሩ ላይ ገትሮ ሄደ። ይሄማ ንቀት ነው ብሎ፣ ካውያውን ሱሪው ላይ እንደተወ ተከትሎት ወጣ። ተጨቃጭቆ ሲመለስ ሱቁ በጢስ ታፍኗል፤ ልጁ ደግሞ ሕፃኑን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«አባዬ!»

«እኔ አይደለሁም! እናትሽ ትሙት!»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለች እናትየው፣ ከጓዳ ደርሳ ካውያውን እያነሳች፣ ከጢሱ ውስጥ።

ልጅቱ ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች። የልብስ ሰፊው ደም ፈላ። ሳያጨሱ ከመወንጀልማ አጭሶ መወንጀል አይሻልም? ኪዮስኩ እዚያው ማዶ ነው። አንድ እግሩ አስፋልቱን ረግጦ እንደነበር ራሱም አይክድም።

ይሄኔ ሚስቱ ሱሪውን ይዛ ወጣች። መቀመጫው ላይ ካውያው ልክ በልኩ በስቶታል፤ በቀዳዳው የሚስቱ ዓይን ያያል። «ልጄ፣ ያጨሰው ይሄ ነው» አለች። ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። እሱም ላለመሳቅ ታገለ፣ ታገለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲያባራ ኪዮስኩን ፈጽሞ ረስቶታል። ንዴቱ ሲሄድ አምሮቱንም ይዞት ሄዷል። ልጅቱ ቀረብ ብላ ሸሚዙን አሸተተችና ሕፃኑን አሳቀፈችው። አያት ሆዱ ባባ።

የሱሪው ባለቤት መጥቶ ጉዱን ሲያይ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ንዴቱ ሽቅብ ሲመጣ፣ ከኋላውም ያ አምሮት ሲከተል ታወቀው። ግን ሕፃኑ ክንዱ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ነቅነቅ ማለትም ፈራ።

«ወንድሜ፣ ልክ ነህ» አለ በሹክሹክታ። «ሌላ እሰፋልሃለሁ። ብቻ ቀስ ብለህ ስደበኝ።»