ዲስኩ መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?

የትንሿ ሬዲዮ ጣቢያ ኮምፒውተር ሰሞኑን ክፉ አመል አውጥቷል። ስርጭቱን የሚያስኬደው ዲስክ ድንገት ይጠፋና ጣቢያው ጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል።

"ሌላ ማን ይሆናል? እትዬ ናቸዋ! ሲጠርጉ የዲስኩን ገመድ እየነካኩት ነው" አለ የስፖርት ጋዜጠኛው። ድምፁ ጎርናና ስለሆነ ሁሉም "ነጎድጓድ" ይለዋል።

የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬን ነገሩ ከነከናቸው። ወደ ቴክኒሻኗ ሄደው "ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ያለበት ስቱዲዮ የምገባው ጠዋት ብቻ ነው። እባክሽ እውነቱን አውጪልኝ" አሏት።

ቴክኒሻኗ እትዬን እንደ እናቷ ነው የምታያቸው። ወዲያው ወንበሯን ስባ የከርነሉን መልእክቶች ከፈተች። ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ በማሽኑ ላይ የደረሰውን ይናገራል። "ዲስኩ ተቋረጠ" የሚል መስመር እዚህም እዚያም አለ። ግን መቼ? ከፊቱ የተጻፈው ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ የተግተለተለ ቁጥር። ከዚህ ውስጥ ጠዋትን ከማታ ማን ይለያል? በወረቀት ላካፍል ብላ ሞከረች፣ ዞረባት። ተስፋ ሳትቆርጥ መልእክቶቹን የሚያሳየውን ትዕዛዝ መመሪያ ስታነብ አንዲት ፊደል ብቻ መጨመር እንደሚበቃ አየች። ጨመረቻት። ያ ሁሉ ቁጥር ቀንና ሰዓት ሆኖ ቁጭ አለ!

አንዱም ጠዋት አይደለም። ሁሉም እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ኳስ በሚተላለፍበት ጊዜ ነው። ማስታወቂያ ክፍል ስርጭቱን ከሚቀዳበት መቅጃ የጨዋታውን ድምፅ አውጥታ በዚያው ሰዓት ላይ አዳመጠች። "ጎኦኦኦል!" ዷ! ወደሚቀጥለው አለፈች። "ጎኦኦኦል!" ዷ! ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ነጎድጓድን ጠራችው። "ጎል ሲገባ ምን ታደርጋለህ?"

"እጮሃለሁ።"

"በእጅህስ?"

ጡጫውን አየ። "ኮምፒውተሩ ያለበትን ጠረጴዛ... ወይኔ ጉዴ!"

በአንድ ትንፋሽ ኮሪደሩን አቋርጦ እትዬ ፊት ቆመ። "እትዬ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። በከንቱ አማሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብያለሁ" አሉ እየሳቁ። "ብቻ ጩኸቱን እንዳትተው፤ እኔ እንደሆንኩ እሱን ነው የምወደው።"

ቴክኒሻኗ የላላውን ገመድ ቀይራ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው አወረደችው። በሚቀጥለው እሁድ ነጎድጓድ እትዬን አጠገቡ አስቀመጣቸው። ጎል ገባ። ጠረጴዛው ተደለቀ፣ ስርጭቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እትዬም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ከሱ በላይ ጮኹ። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ቴክኒሻኗ አነሳችው።

"ይቺ አዲሷ ጋዜጠኛ ማን ናት?" አለ አንድ አድማጭ። "በየሳምንቱ አቅርቡልን!"