ሰፋሪው ዙምባራ ነፊ

ሞላ ታመመ ይባል እንጂ ምን እንዳመመው የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ደረቱን ይጨንቀዋል፣ ነገ ራሱን ይፈልጠዋል፣ እንቅልፍማ ከናካቴው ትቶታል። ደርግ ከወሎ አምጥቶ አሶሳ ዙሪያ ካሰፈራቸው ሰዎች አንዱ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ልጆቹ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሱ ግን የሚስቱ መቃብር እዚህ ነውና ጥሎ መሄድ አቃተው። ቀረ። ሰው እንዲህ ሲቀር ቤቱ ይሰፋበታል፣ ቀኑም አልመሽ ይለዋል። ሞላም የሚያነጋግረው ሲያጣ ጤና ጣቢያ ይሄድና ወረፋ ይይዛል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሕሊና የምትባል ነርስ ነበረች። ልቧ ደግ ነው፤ አፏ ግን አያርፍም። መረመረችው፣ ደሙን አየችለት፣ ክኒን ቀያየረችለት፤ በሽታው ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ታዲያ መመርመሯን ትታ ከማን ጋር እንደሚበላ ጠየቀችው። ሞላ አፍሮ አቀረቀረ።

«ጋሼ ሞላ፣ እርስዎን ያመመዎት ብቸኝነት ነው» አለችው። «ዛሬ ክኒን አልሰጥዎትም። ኻሚስ ዘንድ ይሂዱ።»

ኻሚስ ከወንዙ ማዶ ባለው የበርታ መንደር የዙምባራ ነፊዎች አለቃ ነው። ዙምባራ ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚሰምረው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ይሸረፋል። ሕሊና ከነፊዎቹ አንዱ ወደ ሱዳን ተሻግሮ መቅረቱን ሰምታ ነበር።

ሞላ መጀመሪያ ተቆጣ። በስተርጅና መለከት! የሰፈራው ጎረቤቶቹም አልማሩትም፤ አንተ ንፋ እንጂ ከበሮውን እኛ እናመጣልሃለን እያሉ አላገጡበት። ቢሆንም ቤት መዋሉ ሰልችቶት ሄደ። ኻሚስ ከየት መጣህ፣ ምን ፈለግህ ሳይል ቅሉን አስጨበጠውና ከጎኑ አቆመው። የመጀመሪያው ቀን ትንፋሹ እንደ በግ ሳል ሆኖ ወጣ፤ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ፣ ሞላም አብሮ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ዘመኑ! እየዋለ እያደረ ተራውን ለመደ። አንድ ቀን ከቀረ ሞላ የት ሄደ ብለው ሰው ይልኩበታል። ይኼ ነው መድኃኒቱ፣ የት ሄደ የሚል ሰው ማግኘት። ማሽላቸውን አብሯቸው አጨደ፣ ልቅሷቸው ላይ ተቀመጠ። እንቅልፉ ተመለሰ፤ ደረቱም ተወው።

ያን ጊዜ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ አሶሳ ቢሮና ስብሰባ ብቻ ሆናለች። ለበዓል ማድመቂያ የኻሚስ ቡድን ተመረጠ። ሚፍታህ የሚባል ወጣት የቢሮ ሰው ልምምዱን ሊያይ መጣና በጣም ወደደው። ሞላ መልኩ ጠቆር ያለ፣ በርትኛም የሚሞካክር ስለሆነ ሳይለየው ሄደ።

ሕሊና ግን ደስታዋን አፏ ውስጥ ማቆየት አልቻለችም። አሶሳ በተጠራ ስብሰባ ላይ ብድግ ብላ፣ አንድ ወሎዬ ሰፋሪ ያለ ክኒን በዙምባራ እንደዳነ፣ በበዓሉም ላይ እንደሚነፋ አወራች። ተጨበጨበላት። ሚፍታህ እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ምን ነበረበት ዝም ብትል!

በበዓሉ ጧት የጭነት መኪና መጣ። ሞላ የተሰጠውን አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ቅሉን ታቅፎ፣ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ ሊወጣ ሲል ሚፍታህ ክንዱን ያዘው። አያያዙስ በክብር ነው፣ አባቴ እያለ። በዓሉ የብሔረሰቦች እንደሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱን ባህል እንደሚያቀርብ፣ ሰፋሪ በበርታ ቡድን ውስጥ ቢታይ ከበላይ እንደሚጠየቅበት አስረዳው። ከዚያ ወደ ኻሚስ ዞረ።

«ይኼ ሰው የእናንተ ነው?»

ሁሉም ኻሚስን አየ። ሞላም አየው። ልቡ አልፈራም ነበር እኮ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚመልስልኝ አለኝ ብሎ ነው። ኻሚስ መሬት መሬቱን አየና ዝም አለ። ሚፍታህ ቅሉን ከሞላ እጅ ተቀብሎ ነፍቶ ለማያውቅ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ሰጠው፤ አፍህ ላይ ብቻ ያዘው አለው። መኪናው ሄደ። ልብሱን እንኳ አውልቅ አላሉትም፤ ቸኩለው ነው መሰለኝ።

አሶሳ ላይ ዜማው እንደተሸረፈ ተነፋ። ከነፊዎቹ በቀር ያወቀ የለም፤ እልልታው ቀለጠ።

ሕሊና የሆነውን ስትሰማ እያለቀሰች መጣች። ሌላ ማኅበር ልፈልግልዎት ብትለው ሞላ አላስቀየማትም፤ ደክሞኛል ብቻ አላት። ደረቱ እንደገና ይጨንቀው ጀምሯል፣ እንቅልፉም ሄዷል።

በሳምንቱ ኻሚስ ራሱ ቅሉን ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ያ ሞላ፣ ና ንፋ። እኛ መንደር ማንም አይጠይቅም፣ ወላሂ።»

«እዚያ ሲጠይቁህ ምነው ዝም አልክ?»

ኻሚስ ቅሉን ከእጅ እጅ አገላበጠው። 

«ልጅ የኔ፣ ቢሮ ሊገባ ነው። ሚፍታህ ነው የሚቀጥር።»

ሞላ ልስደበው ቢል በቀለለው። ግን የራሱ ልጆች ትዝ አሉት፤ አባት ለልጁ ሲል የማያደርገው እንደሌለ ያውቃልና የሚቆጣበትን እንኳ አጣ። ከሁሉ የመረረው ይኼ ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ» አለው። ቅሉን ግን አልተቀበለውም።